ማሰሪያው ያልተፈታ ጫማ

አስከሬኑን ያገኙት ማለዳ መረብ ሊያነሱ የወጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ማዕበሉ ከዘንባባዎቹ ሥር አሸዋው ላይ አስተኝቶታል። ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ሟቹ ከሚስቱ ጋር ለዕረፍት የመጣ ሰው ነው። ትናንት ከአስጎብኚ ጋር ሊዞሩ ወጥተው ነበር፤ ጠዋት በጀልባ ባሕሩ መሃል ወዳለው የኮራል ድንጋይ ሄደው ዋና፣ ከሰዓት በጫካው መንገድ ወደ ፏፏቴው። ወደ ሆቴሉ የተመለሰችው ግን ሚስትየው ብቻዋን ነበረች።

መርማሪው ተጠራ። ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ ከመጠየቅ ይልቅ ማዳመጥ ይቀናዋልና። ባርኔጣውን አውልቆ ለሟቹ ነፍስ በለሆሳስ ጸለየ፤ ከዚያም ተንበረከከ። የሰውየው አንገት ላይ የራሱ የመዋኛ መነጽር ተንጠልጥሏል። ክንዱ ላይ ደግሞ ጠበብ ያለች የሴት መነጽር ገብታለች። መዳፎቹን ገመድ ልጧቸዋል። ጆሮ ጫማዎቹን አንስቶ ገለበጣቸው። ሶላቸው ንጹሕ ነው፤ የግራው ማሰሪያ ከቀኙ ጋር ተቋጥሯል።

«ሚስትየው ናት» አለ የጣቢያው አዛዥ። «ትናንት ቁርስ ላይ ‹ዛሬ ፊትህን እንዳላይ!› ስትለው አስተናጋጁ ሰምቷል። እስከ ቀትር አስራታለሁ።»

«እስከዚያ ላዳምጣት» አለ ጆሮ።

ክፍሏ ውስጥ ለመስኮቱና ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ አገኛት።

«ብያለሁ ጋሼ፤ አልክድም» አለች። «‹እናቴ መጥታ ከእኛ ጋር ትኑር› ብሎኝ ተጣላን። ጀልባው ላይ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጥን። ‹ራሴን አሞኛል፣ አልዋኝም› ሲል ሰማሁት። ልገባ ስል የጠራኝ መሰለኝ። እልህ ይዞኝ አልዞርኩም።»

«መነጽርሽስ?»

«ወንበር ላይ ረስቼው ከአንዷ እንግዳ ተዋስኩ። በኋላ ብፈልገው አጣሁት።»

«ከጀልባው ስትወርዱ አላየሽውም?»

«አስጎብኚውን ጠየቅሁት። ‹ከፊተኛው ቡድን ጋር ወደ ፏፏቴው ቀድሟል› አለኝ። አመሉ ነው፤ ሲያኮርፍ ቀድሞ ይሄድና መታረቂያው ሲደርስ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዳገቱን የወጣሁት ምን እንደምለው እያሰብኩ ነው።»

ከሆቴሉ እስከ ጀልባ ማቆሚያው፣ ከማቆሚያውም እስከ ዘንባባዎቹ መንገዱ ሁሉ ቀይ ጭቃ ነው። ጆሮ ማቆሚያው ሲደርስ ጫማው በእጥፍ ከብዶት ነበር። አስጎብኚው የዛሬዎቹን እንግዶች እያሳፈረ ነው፤ ፈገግታ የማይለየው ወጣት።

«ክፉ ነገር ደረሰብን አለቃ! እዚህ በሰላም ነው ያወረድኩት። ጫማውን ተቀብሎኝ ሄደ። በኋላ ብቻውን በዘንባባው በኩል ሊዋኝ ገብቶ ይሆናል።»

አፉ ሲያወራ እጁ ሥራ አልፈታም። እንግዶቹ ያወለቁትን ጫማ ይቀበላል፣ የሶሉን ጭቃ ያጥባል፣ የግራውን ማሰሪያ ከቀኙ ጋር ይቋጥራል፣ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል።

«የምትቋጥረው ለምንድነው?»

«እንዳይቀላቀል ነዋ! ሲወርዱ ራሴ ፈትቼ አስረክባለሁ።»

ጀልባ ነጂው የአስጎብኚው እናት ወንድም፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ጆሮ ከአጠገባቸው የገመድ ክምር ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምባቸው፣ «የእህቴ ልጅ ‹ሁሉም ተሳፍሯል› አለኝ፤ ነዳሁ» አሉና ወደ ሞተሩ ዞሩ።

ቀትር ላይ ሁሉም ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። አዛዡ ካቴናውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮታል።

«ከሶሉ ልጀምር» አለ ጆሮ። «ይኸው የእኔን ጫማ እዩት። የሟቹን ግን ጀልባው ላይ ከታጠበ ወዲህ ጭቃ አልነካውም። አልተራመደበትም፤ ሰው ተሸክሞ ወስዶ ነው ያስቀመጠው።»

«እሷስ ብትሆን?» አለ አዛዡ።

«አስጎብኚው ለእሷ ቢሰጣት ኖሮ ፈትቶ ነበር የሚሰጣት። ለባልየውም እንዲሁ። ይሄ እንደተቋጠረ ነው። በዚህ ጫማ ሄደ ካልን እንደ ጥንቸል እየዘለለ ነው ማለት ነው።»

ማንም አልሳቀም። የአስጎብኚው ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ።

«አንተ ወንድሜ፣ ከኮራል ድንጋዩ ስትነሱ ሰው አልቆጠርክም። ‹አልዋኝም› ያለው ሰው ኋላ ተቀምጧል ብለህ ሄድክ። ይህ ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ማቆሚያው ላይ ስታወርዳቸው ግን ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ጥንድ ቀረ። ያኔ አወቅህ።»

«ሞቷል ብዬ ነው!» ብሎ ጮኸ ወጣቱ። «አምናም አንዲት ሴት ረስቼ ተመልሼ አምጥቻታለሁ። ‹ከደገምክ ፈቃድህን ትነጠቃለህ› ተብያለሁ። ምን ላድርግ?»

«ተመለስ ነበር መልሱ። ግማሽ ሰዓት ነው። አንተ ግን ለሚስቱ ‹ቀድሟል› አልካት፤ የባሕሩ ሞገድ ሁሉን ወደ ዘንባባዎቹ እንደሚያመጣ ስለምታውቅ ጫማውን እዚያ አኖርክ። በልማድህ የቋጠርከውን ግን መፍታት ረሳህ።» ጆሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መዳፎቹ ተልጠዋል። ድንጋዩ አጠገብ የሚንሳፈፈውን፣ ጀልባ የሚታሰርበትን የቀይ በርሜል ገመድ ይዞ ብዙ ሰዓት ቆይቷል፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ብዙ ሰዓት ገመድ እንደያዘ ነግሮኛል። አንተ ጫማውን ስትደረድር እሱ ጀልባዋን ይጠብቅ ነበር።»

አዛዡ ካቴናውን አነሳ፤ ወደ ወጣቱ ሄደ።

«አልዋኝም ብሎ ነበር እኮ» አለች ሚስትየው። «ታዲያ ለምን ገባ?»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። «እኔ ሲገባ አይቼዋለሁ ልጄ። ተመልሶ የወጣ መስሎኝ ነበር። ትናንት እንደጠፋ ሲወራ ገባኝ፤ ለእህቴ ምን እላታለሁ ብዬ አፌን ዘጋሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሁለት ጊዜ ጠራሽ፤ አልሰማሽውም። ‹ጨው ዓይኗን ያቃጥላታል› ብሎኝ መነጽርሽን ክንዱ ላይ አድርጎ ተከተለሽ።»

ጆሮ ጠባቧን መነጽር ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ማሰሪያው ላይ ጨው ደርቋል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም ከጠዋት ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታው ወደነበረችው ባሕር፣ ከነወንበሯ፣ ቀስ ብላ ዞረች።