ኦስቲያ፣ የድንጋዩ ሽንት ቤት ላይ

ሳመችው! ፍላሚኒያ አይልተንን ሳመችው! ያውም የት መሰላችሁ? የጥንት ሮማውያን ተደርድረው ይቀመጡበት የነበረው የእብነ በረድ ሽንት ቤት ላይ! ያውም ንዴቷ ሳይበርድ፣ እየሰደበችው!

ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የተዋወቁት እዛው ኦስቲያ፣ ሮም አጠገብ ያለው የጥንቱ ፍርስራሽ ከተማ በር ላይ ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ መግቢያው ነፃ ስለሆነ ግማሽ ሮም ልጁንና ምሳውን ይዞ ይሰለፋል። እሷ ሰልፉ መሃል ሞርታዴላ የሚሉት የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦዋን ስትገምጥ ከኋላዋ አንድ ድምፅ፣ በሮም ልጆች አጠራር «አኦ፣ ለጎረቤት አይቆረስም?» አላት። ዞር ስትል... ወይኔ ዓይኖቹ! ቆረሰችለት። ምን ታድርግ?

ከዛ ወዲህ በየነፃው እሁድ ይሄዳሉ። ባቡሩን በከተማ ትኬት፣ ውሃውን ከመንገድ ቧንቧ። ሳንቲም የላቸውማ! የሷ አባት አውቶቡስ ነጂ ነው፣ የሱ እናት ደግሞ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች።

ትናንት ቅዳሜ ግን ፍላሚኒያ ጭንቅላቷ ሊፈነዳ ደረሰ። ሰኞ የማትሪክ የቃል ፈተና አለባት።

«ዛሬ ኦስቲያ ውሰደኝ» አለችው።

«ነፃው እሁድ ይሻላል።»

«ለኛ ዕድሜ እኮ ሁለት ዩሮ ነው! እንዴት ያለህ ቋጣሪ ነህ?»

ግን መጣ።

ትኬት ቆራጯ መታወቂያቸውን ጠየቀች። የፍላሚኒያን አየት አድርጋ መለሰች። የአይልተንን ግን ገልበጥ፣ ገልበጥ...

«የኔ ልጅ፣ ቅናሹ ለአውሮፓ ዜጎች ነው። አንተ ሙሉውን ነው የምትከፍለው።»

«እንዴ!» ፍላሚኒያ ጮኸች። «እዚሁ ሮም፣ ጋርባቴላ ሰፈር ነው እኮ የተወለደው! ከኔ በላይ የሮም ልጅ ነው!»

«ይገባኛል የኔ ቆንጆ። ወረቀቱ ግን የኬፕ ቨርዴ ዜጋ ነው የሚለው።»

ከኋላ ሰዉ «ፍጠኑ እንጂ!» ይላል። አይልተን አንገቱን ደፍቶ «በቃ እንመለስ» አለ። ያናድዳል አይደል? እሷ ሙሉውን ወርውራ ከፈለችና እጁን ጎትታ አስገባችው።

የት እንደምትሄድ ሳታይ ሄዳ ሄዳ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ። ሽንት ቤቱ! እሱም አንድ ቀዳዳ ዘሎ ተቀመጠ።

«ሁሌ እሁድ፣ እሁድ የምትለው ለዚህ ነው?»

«እና ምን ልበልሽ? ትናንት ከመጣ ቱሪስት እኩል ነኝ ልበልሽ?»

«እዚህ የተወለደ ሰው አስራ ስምንት ሲሞላው ዜግነት ይጠይቅ የለ?»

«አንድ ዓመት ነው የሚሰጡት። አስራ ዘጠኝ ከሞላሽ በሩ ተዘጋ።»

ፍላሚኒያ ደነገጠች። «አይልተን! ልደትህ እኮ ማክሰኞ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«እና አልጠየቅክም?!»

«ሁለቴ ማዘጋጃ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የራሴን ነገር ለምን እለምናለሁ? እስከ ዛሬ ምን ነበርኩ?»

«አንተ ደደብ! አንተ ግትር! ለኩራትህ ብለህ? ነገ የመኖሪያ ፈቃድህን አናድስም ብለው ቢያባርሩህስ? እኔ ምን ልሁን?»

«አንቺ ምን ትሆኛለሽ?»

አንዲት እንሽላሊት በመሃላቸው ሽው አለች። ከዛ «ደደብ!» አለችና ሳመችው። ወይኔ! ልክ በዛ ሰዓት አንዲት አስጎብኚ ሃያ ቱሪስት አስከትላ ገባች፣ ሁሉም አጨበጨቡ!

አይልተን እየሳቀ እንባውን ጠረገ። «እማዬ ማዘጋጃ ቤት የመጨረሻ ቀጠሮ ይዛልኛለች። ሰኞ ጠዋት ሶስት ሰዓት። እሷ አሮጊቷን ጥላ መምጣት አትችልም። ብቻዬን ከሄድኩ ደሞ እመለሳለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ። አብረሽኝ ነይ።»

«ሰኞ ሶስት ሰዓት?! ፈተናዬ እኮ ነው! ያለ ሐኪም ወረቀት ከቀረሁ ዓመቱ አለቀልኝ!»

«እሺ፣ ተይው።»

«ዓመት ሙሉ ተኝተህ አሁን ነው የምትነግረኝ? ሞግዚትህ ነኝ?» ተነስታ ሄደች። ባቡር ውስጥ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች፣ እሱም አልለመናት።

ዛሬ ጠዋት መልእክት ላከላት፦ «ፈተናሽን ተፈተኚ። አልቀየምሽም።» ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። ቢለምናት እኮ እምቢ ማለት ይቀል ነበር! አሁን መጽሐፉ ፊቷ ተከፍቷል፣ አንድ መስመር አልገባትም። አሁንም ተናዳለች፤ በሱ፣ በወረቀቱ፣ በራሷ።

እናንተዬ፣ እናንተ ብትሆኑስ? ነገ ሶስት ሰዓት ላይ የት ትገኛላችሁ?