ፊታቸውን ያዞሩ ቅጠሎች

አንድ ቤት ውስጥ ካደሩ አራት ሰዎች አንዱ ሳይነቃ ሲቀር፣ የተረፉት ሦስቱ ከዚያ በኋላ እንዴት ዓይን ለዓይን ተያይተው ይኖራሉ? እኔ እንጃ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ በሥራ ክፍሉ፣ ታጣፊ አልጋው ላይ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ እንደሳበ ሞቶ ተገኘ። ሳል ካስቸገረው ወዲህ ሚስቱን ላለመቀስቀስ ብሎ እዚያው ነበር የሚተኛው። ከእግርጌው ያለው የከሰል ምድጃ አመድ ብቻ ቀርቶታል። ከጣሪያው ሥር ያለችው ትንሽ መስኮት ከውስጥ ተቀርቅራለች። ሐኪሙ የገደለው የከሰል ጋዝ ነው ብሎ ለፖሊስ ጻፈ። ሰውየው ግን ያቺን መስኮት ክረምት ከበጋ አይዘጋትም ነበር። ታዲያ ማን ዘጋት?

ጉዳዩ የተሰጠው ባልደረቦቿ «መርፌ» ለሚሏት መርማሪ ነው። ቀጭን ናት፤ ስትወጋም ድምፅ የላትም። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። በሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከትንንሾቹ ጉጠቶች አጠገብ፣ ሦስት ክብ የውሃ ምልክቶች አሉ። ከመስኮቷ ሥር ባለው ወንበር ላይ እርጥብ አፈር ረግፏል።

መጀመሪያ የሟቹን ልጅ፣ ልብስ ሰፊውን ጠራችው።

«ማታ ከአባትዎ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ማን አለ? ግድግዳው ነው የነገረዎት?» አለና ወዲያው ድምፁ ወረደ። «ተጣልተናል። ቤቱ ይሸጥ አልኩት። ‹ስሞት ትሸጠዋለህ› አለኝ።»

«ይኸው ሞቱ።»

ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። እጁን ቢዘረጋ የመስኮቷ መቀርቀሪያ ላይ የሚደርስ ረጅም ሰው ነው። ጣቢያ ያሉት አለቆቿ እሱን ለማሰር ተዘጋጅተዋል፤ መርፌም ታውቃለች፣ እሱም ሳያውቅ አልቀረም።

አሮጊቷ ሚስት ደግሞ ገና ሳትጠየቅ ጀመረች።

«እኔ ነኝ የዘጋኋት። ሲያስለው ሰማሁና ብርዱ ነው ብዬ ዘጋኋት። ጻፊው፣ ልጄ። ልጄን ልቀቂልኝ።»

«እሺ እማማ፣ እጽፋለሁ። እስቲ መጀመሪያ ያንን ፎጣ ያቀብሉኝ» አለች መርፌ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለውን እያሳየች።

አሮጊቷ እጇን አነሳች። ክንዷ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቷ በሕመም ተጨማደደና ክንዷን ቀስ ብላ አወረደችው።

«ዛሬ ነው እንጂ ትላንት ደህና ነበርኩ» አለች። ምስኪን፣ ውሸት እንኳ አልለመደባትም።

እናቷ ከሞተች ወዲህ እዚሁ ያደገችው የልጅ ልጅ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ አበቦቿን ትዳብሳለች። በመስኮቱ ደፍ ላይ ሦስት የአበባ መትከያዎች ተደርድረዋል።

«ያምራሉ» አለች መርፌ።

«ገና ጀማሪ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን በውሃ ብዛት ገደልኳቸው። አያቴማ ‹አበባ ነው ወይስ ዓሣ የምታረቢው?› እያለ ይስቅብኝ ነበር።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ወደ አበቦቿ ዞረች። «አሁን ግን መጀመሪያ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ። ካልደረቀ አላጠጣም።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አበባ ሻጯ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንብኝ ‹ብርድ መትቶታል፣ ከነፋስ ጠብቂው› አለችኝ።»

«አያትሽ በምን ሞቱ?»

«በልብ። እማዬ ናት የነገረችኝ» አለች፤ እማዬ የምትለው አሮጊቷን አያቷን ነው።

መርፌ ቅጠሎቹን ትክ ብላ አየቻቸው። ሁሉም ወደ ክፍሉ ውስጥ አዘንብለው ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

ሳሎን እንዲሰበሰቡ ስትጠራቸው አሮጊቷ በሩ ላይ እጅጌዋን ይዛ አስቀረቻት።

«ገብቶሻል አይደል? ተይው ልጄ። እኔን ውሰጂኝ።»

«ልጅዎ ሊታሰር ነው፣ እማማ።»

«እኔን ውሰጂኝ አልኩሽ እኮ!»

ገብተው ተቀመጡ። መርፌ ቆማ ጀመረች።

«መስኮቷን የዘጋው ሰው ወንበር ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊው ወንበር አያስፈልጋቸውም። እማማ ደግሞ ወንበር ላይ ቢወጡም ክንዳቸው አይነሳም። ወንበሩ ላይ እርጥብ አፈር አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ክብ የውሃ ምልክት። የአበባ መትከያ ቂጥ ነው። ቅጠል ወደ ብርሃን ያዘነብላል፤ የዚህች ልጅ አበቦች ግን ለብርሃኑ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ማታ በሰዓት ሠሪው ክፍል አድረው፣ ጠዋት አንድ ሰው በጥድፊያ መልሷቸዋል። ሲያስቀምጣቸው ግን ፊታቸውን አዞረው።»

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንዴ፣ እኔ ነኝ እኮ ያስገባኋቸው!» አለች ልጅቷ። «በጣም ይበርድ ነበር። አያቴ ራሱ ‹ልጆችሽን አምጫቸው፣ እዚህ ይሙቃቸው› አለኝ። እሱ እንቅልፍ ሲወስደው መስኮቷን ዘጋኋት፤ ነፋሱ ቀጥታ እነሱ ላይ ነበራ። ከሰሉ እንደሆነ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም። ጠዋት እማዬ መልሳቸው አገኘኋቸው።» አንድ በአንድ አየቻቸው። «ምነው? መስኮቱን ከልብ ሕመም ጋር ምን አገናኘው?»

አጎቷ ልብስ ሰፊው ነፃ መውጣቱን ሰምቶ እንኳ ቀና አላለም።

«የቀላ ከሰል ጭስ የለውም» አለች መርፌ ዝግ ብላ። «ጋዝ ግን አለው። የሚወጣበት ካጣ ሰው ይገድላል።»

ልጅቷ ጣቷን አየች። ከጥፍሯ ሥር አፈር አለ።

«ወንጀል ነው?» አለች አሮጊቷ።

«አይደለም እማማ። ሕግ አይጠይቃትም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሻት?»

መርፌ ደብተሯን ከድና ኪሷ ከተተችው።

ልጅቷ ተነሳች። ክፍሏ ገብታ ሦስቱን መትከያዎች አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አዞረቻቸው። ተመልሳም በመካከላቸው አለፈች።

«የኔ ልጅ፣ ሹራብሽን! ብርድ ነው እኮ ውጭው!» አለች አያቷ፣ ለመነሳት እየታገለች።

ልጅቷ ወጣች፤ በሩንም አልዘጋችውም።