ሳታድሱ አትመኑ

ድረ ገጽ ሠሪው ቀለሜ ቢሮው ውስጥ ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የተከፈተ የልብ መድኃኒት ነበር። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ «ራሱን አጥፍቷል፤ መዝገቡን ዛሬውኑ ዝጋው» ብሎ መርማሪ ወስፌን ላከው። የሟች ታናሽ እህት በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ራሱን አላጠፋም። እናታችን ይህን ከሰማች ሁለተኛ ሬሳ ነው የምናወጣው።»

ወስፌ የተባለው ዓይኑ ድፍን ቆዳ ስለሚበሳ ነው። አንዱን ሌባ ከአስነጣጠሱ ብቻ አይቶ አያቱ የሰረቁትን በግ ነግሮታል ይባላል። ውሸት ነው፤ የሰረቁት አጎቱ ናቸው።

የመድኃኒቱን ፍሬዎች ቆጠረ። ከሠላሳው የጎደለው ስምንት ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ፣ መድኃኒቱን ላዘዘለት ክሊኒክ ቀለሜ ራሱ የሠራው ገጽ ተከፍቷል፦ «ለመጀመሪያው ቀን ስምንት ፍሬ»። ያንኑ ገጽ አብራው የምትሠራው ዲዛይነር በራሷ ኮምፒውተር ስትከፍተው ግን «አንድ ፍሬ» ይላል። ወስፌ ስክሪኑን ፎቶ አነሳና ማንም እንዳይነካው አዘዘ።

ዲዛይነሯ በገጽ መክፈቻው ብሮውዘር አናት የተደረደሩትን ትንንሽ መሣሪያዎች አሳየችው። አንዷ ቀለም ትለያለች፣ አንዷ ስፋት ትለካለች፤ ሦስተኛዋ የገጹን ጽሑፍ ለሙከራ ታስቀይራለች፤ ለውጡ ግን የሚታየው እዚያው ስክሪን ላይ ነው፣ ገጹ ሲታደስ፣ ከኢንተርኔት እንደ አዲስ ሲከፈት፣ ይጠፋል። ቀለሜም ነጋ ጠባ «ሳታድሱ አትመኑ» እያለ ጆሯቸውን ያደነቁራቸው ነበር አለችው። አለቃቸው በበኩሉ ቀለሜ በሞተበት ጊዜ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ የሰፈሩ ኢንተርኔት በሙሉ ጠፍቶ ነበር አለ። ታች ያለችው ልብስ ሰፊ፣ መስመሩን የምትጋራቸው፣ ያን ጊዜ ሁሉ ከአክስቷ ጋር በቪዲዮ ሰው ስታማ ነበር።

ወስፌ ሦስቱንም ከሟች እህት ጋር ስክሪኑ ፊት ሰበሰባቸው።

«ሊሞት የቆረጠ ሰው ፍሬ ቆጥሮ አይውጥም» አለ። «ስምንቱን ያነበበው እዚህ ነው። ቁጥሩ በዚያች ሦስተኛ መሣሪያ የተቀየረው እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ነው። ታዲያ ሳያድስ የማያምን ሰው ለምን አላደሰም? መስመር የለማ! ቢያድሰው ገጹ ይጠፋበታል። የልብስ ሰፊዋን ትቶ የቢሮውን መስመር ብቻ የነቀለው ደግሞ የኢንተርኔቱ ሳጥን ያለበትን ክፍል ቁልፍ የያዘው ነው።» ወደ አለቃው ዞረ። «ዲዛይነርህ ነግራኛለች፤ ቀለሜ ሰኞ ደንበኞችህን አስከትሎ ሊወጣ ነበር አይደል?»

አለቃው ላቡን ጠረገ። እህትየው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች፤ ወንድሟ መጨረሻ ያነበበውን ልታይ። ጣቷ እሱ ያስተማራትን አደረገ፤ አደሰችው።

ስክሪኑ አሁን «አንድ ፍሬ» አለ።

ወስፌ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየ። አለቃው አሁን ፈገግ አለ።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንም በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። አሁን እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?»

አዛዡም በስልክ ያንኑ ደገመና መዝገቡ «ራሱን አጠፋ» ተብሎ ተዘጋ። እህትየው እጇን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳችም።

«ጋሼ፣ ደግሜ ባድሰው ይመለሳል?»

ከአንድ ማስነጠስ የሌባ አጎት የሚያገኘው ወስፌ ኮፍያውን ሲፈልግ ቆየ። ኮፍያው ራሱ ላይ ነበር።