የማድረቂያው ማማ

ሃምሳ አለቃ ገመቹ በፓራሹት ማድረቂያው ማማ ሥር ሞቶ የተገኘው ጠዋት ነው። ያገኙት ከአስኮና ከቤቴል በሰርቪስ የመጡት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሰውየው በቀራንዮው ግምጃ ቤት የአየር ወለዶችን ፓራሹት ሲያጥፍ ሃያ ዓመት ኖሯል። በማግስቱ ደግሞ አርባ ምልምሎች ከዚሁ ግምጃ ቤት በሚወጣ ፓራሹት ሊዘሉ ነው። አርባ የሰው ልጅ! የእናቶቻቸውን ሆድ አንድዬ ይወቀው።

መርማሪዋ ሻለቃ ዋጋነሽ ካፖርታቸውን አውልቀው አስከሬኑን ሸፈኑ። ከዚያ ጉልበታቸውን እየረገሙ የማማውን ደረጃ ወጡ። ከላይ አንድ ርጥብ ፓራሹት ተንጠልጥሏል።

«ሊሰቅለው ወጥቶ አዳልጦት ነው» አለ የተከተላቸው የዝግጁነት ኃላፊ፣ ሻምበል እዮኤል። «አደጋ ነው ብለው ይዝጉልን፤ ነገ ዝላይ አለብን።»

«አንተ መጀመሪያ ከጠርዙ ራቅ በል! አንድ ሬሳ ይበቃኛል። ደግሞ የምዘጋው ሲገባኝ ነው።»

ግምጃ ቤቱ ውስጥ አጣፊዋ አስር አለቃ ትሕትና እጇን አጣምራ ቆማለች። ከፊቷ ፓራሹት የታጠፈበት ቀን የሚመዘገብባቸው አርባ ካርዶች ተደርድረዋል።

«ሻምበል ፈርሚ ይሉኛል። ያላጠፍኩትን አጥፌያለሁ ብዬ? ቢያስሩኝም አልፈርምም!»

«ቁርስ በልተሻል?»

«እ?»

«ከንፈርሽ ደርቋል፤ ተቀመጪ። ርጥብ ፓራሹት እንዴት ነው የምትሰቅሉት?»

«ከታች ሆነን ነው። አናቱን ከገመድ አስረን በመዘውር ወደ ላይ እንስበዋለን። ገመዱ ከላይ አልንቀሳቀስ ብሎ ካልተያዘ በቀር ማንም ላይ አይወጣም። ትናንት መውጫ ሰዓት ላይ ተይዞ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ 'እናንተ ሰርቪስ እንዳያመልጣችሁ፣ እኔ አስለቅቀዋለሁ' አሉን።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሻለቃ ዋጋነሽ ከመደርደሪያው አንዱን ፓራሹት አውርደው የታሰረበትን ቀይ ክር ጠጋ ብለው አዩት። ገርጥቷል። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው።

«ጋሽ ረሻድ፣ ይህ ክር ምንድን ነው?» አሉ የንብረት ክፍል ሠራተኛውን።

«ማሰሪያ ነው። ፓራሹቱ ሲፈታ ይበጠሳል፤ ዳግም ሲታጠፍ አዲስ ይታሰራል። በአራት ወር አንዴ መፍታት ግድ ነው። ታጥፎ የከረመ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ አየር ላይ እምቢ ሊል ይችላል።»

«ካርዶቹ ባለፈው ሳምንት ታጠፈ ይላሉ።»

«በምን ክር? ከገና ወዲህ አንድ ጥቅልል አልገባም! አራት ጊዜ ጻፍኩ። ሻምበል 'ይመጣል፣ ይመጣል' እንዳሉ ክረምት ገባ።»

ሻለቃዋ እዮኤልን፣ ትሕትናንና ረሻድን በረዥሙ ማጠፊያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰቡ።

«ገመቹም እንደዚህች ልጅ አልፈርምም ብሏል፤ አርባውም ካርድ ፊርማ የለውም። የሞተው በዚህ ነው። አሁን ማማው ላይ ያለውን እንይ። ፓራሹቱ ርጥብ ነው፣ ግን ማንም አልዘለለበትም፤ ሣር አልነካውም፣ የእጥፋቱ መስመር እንዳለ ነው። ከመደርደሪያ ተወስዶ ውሃ የተደፋበት ነው። የተሰቀለው ደግሞ ተዘቅዝቆ፣ አናቱ ወደ ታች! ገመቹ እንዲህ አይሰቅልም። ትሕትናም አትሰቅልም። ረሻድም አይሳሳትም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ገመድ ሳቢው እሱ ነው።»

«ወላሂ በእንቅልፌም አልሳሳት» አለ ረሻድ።

«የቀረው ፓራሹትን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

እዮኤል ሳቀ። «መስቀል አለማወቅም ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ግን ገመቹ ለምን ላይ እንደወጣ አላወቅህም፤ ስለዚህ ርጥብ ፓራሹት ሰቅለህ ምክንያት ፈጠርክለት። ምን ዓይነቱ ሞኝ ነህ! እጅህን ሰብስበህ ብትሄድ ኖሮ ገመድ ሲያስለቅቅ ወደቀ ብዬ በዘጋሁት ነበር።»

የሻምበሉ ሳቅ ጠፋ። «መቶ በመቶ ዝግጁ ነን ብዬ ሪፖርት ልኬ ነበር... ለምኜው ነበር። 'ነገ ለአዛዡ እነግራለሁ' አለኝ። ገፋሁት።»

በር ላይ ቆመው የነበሩ ወታደሮች ይዘውት ወጡ። ወዲያው የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ሻለቃ ዋጋነሽ ቀፎውን አንስተው አዳመጡና ለትሕትና አቀበሏት። «ከአዛዡ ቢሮ ነው፣ ስለ ዝላዩ። ያንቺ ሥራ ነው፤ ተናገሪ።»

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አስር አለቃ ትሕትና ነኝ። ነገ ማንም አይዘልም።»

«በማን ትእዛዝ?» አለ ድምፁ።

«በአጣፊዋ። ክር ላኩልን፤ አርባውንም ፈትተን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

መልሱን ሳትጠብቅ ዘጋችው። ከዚያ ከመደርደሪያው የመጀመሪያውን ፓራሹት አውርዳ የገረጣውን ክር በጠሰችው።