ሙሴ ጌጡ የቀባው ፉርጎ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱን ተዉት፣ ለዚህ ወሬ ጨለማው ይሻላል።

ድሮ ነው። ባቡር በሚያልፍባት አንዲት ቆላ መንደር፣ ስሟን አልጠራውም፣ ጌጡ የሚባል የፉርጎ ጥገና ኃላፊ ነበረ። እንደ ፈረንጆቹ አለቆች «ሙሴ ጌጡ» ካላሉት ዞር ብሎ አያይም። ሙሴ! እናቱ ያወጣችለት ስም አንሶት! ሲመሽ ጋራዡን ዘግቶ፣ ሀዲድ ሀዲዱን ይዞ ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግራው ገደል፣ ቀኙ ቁጥቋጦ። ከሠራተኞቹ ጋር መሄድ ያሳፍረዋላ!

ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ሰው ወደ ሥራ የሚያመላልሰው ባቡር ከቆመ የጭነት ባቡር ጋር ተላተመ። የፊተኛው ፉርጎ ተጨማደደ። ሰው አለቀ። ሽንኩርት ሻጯ ወይዘሮ ዘርፌም እዚያው መስኮቱ ሥር ቀረች።

ፉርጎው ጋራዥ ገባ፤ የተጨማደደው ተቀጥቅጦ ተቃና። ከሥር የሚሸከመው ብረት ግን ተሰንጥቋል። ጌጡ አይቶታል፤ በእጁ ዳብሶታል። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ብረት እስኪመጣ ብጠብቅ ሰነፍ ያሰኘኛል ብሎ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞላው! በላዩ አረንጓዴ ቀለም ለቀለቀበት።

«ነገ ሰው ይጭናል። እንደ አዲስ ነው!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

በዚያው ምሽት ብቻውን ሲሄድ ከኋላው ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። ቆመ። ድምፁም ቆመ። ሄደ። ቀጭ... ቀጭ...

ዞር ሲል ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ፉርጎው! የሚጎትተው የለ፣ የሚገፋው የለ። ቀለሙ ገና ይሸታል። መጀመሪያ ውስጡ ጨለማ ነበር። ከዚያ መስኮቱ ላይ እጅ ታየ። ከዚያ ነጠላ። ከዚያ ፊት።

«ደህና አመሸህ፣ ጌጡ» አለችው ዘርፌ። ሙሴ አላለችውም።

«ወ... ወይዘሮ ዘርፌ?»

«ና ግባ። እንደ አዲስ አይደል?»

ያ ደረት ተነፈሰ። ተንበረከከ። «በልጆቼ ይዤሻለሁ! ነገ ብረቱን እቀይራለሁ!»

«ነገ ሰው ይሳፈርበታል። አሁን!»

ጠዋት ሠራተኞቹ ሲመጡ ፉርጎው ጋራዡ ውስጥ ነው። ጌጡ ከሥሩ ተጋድሞ ስቱኮውን በጥፍሩ ይፍቃል። ጣቶቹ ደም በደም ሆነዋል። ስንጥቁ ወለል ብሎ ታየ፤ ፉርጎውም ተቆራርጦ ተጣለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ሙሴ ነው! ጣቱ ሳይድን «ስንጥቁን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ሕዝብ አተረፍኩ» እያለ መንደሩን ዞረ። ዘርፌንም «ምስኪን፣ መስኮት ዳር ባትቀመጥ ኖሮ» አላላትም? አያፍርም!

ሠራተኞቹ «በሀዲዱ ብቻህን አትሂድ» ቢሉት ሳቀባቸው። «ፉርጎው ተቆራርጧል። ምን ይመጣብኛል?»

ሄደ። ቤቱ ግን አልደረሰም።

ሲነጋ ሠራተኞቹ ሀዲዱ ዳር ካለው አሸዋ ላይ ዱካውን ተከተሉ። የእሱ ጫማ። ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከጎኑ የሴት ባዶ እግር። ጥቂት አብረው ሄደዋል። ከዚያ... የሁለቱም ዱካ የለም።

ከእናንተ ዛሬ ሀዲዱን ተሻግሮ የሚሄድ ማን ነው? አንተ ነህ? ብቻህን? አርፈህ እዚሁ እደር!