ከምርቃቱ በፊት

«የአንቺና የወንድምሽ የዳኜ አልጋ እዚህ ጋ ይሆናል» አሉ እናቷ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ የጓዳውን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ።

ትሕትና ልቧ ድንግጥ አለ። ያ ግድግዳ እንዴት እንዳማረ ለቤቱ ግዢ ምርቃት ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ መሀል፣ ከሠሪው ሌላ የሚያውቁት እሷና በሩ ላይ የቆመችው ጓደኛዋ መሲ ብቻ ነበሩ። ቤቱን ደግሞ ለሽያጭ የሠሩት የመሲ አባት፣ ግንበኛው ጋሽ ተገኘ ናቸው።

ትሕትና ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ቤተሰቡ ከገጠር ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ተጠቅልሎ ሊገባ ቆረጠ። አባቷ አቶ አባይነህ ሁለት ቤት አይተዋል። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የእትዬ ጠጄ አሮጌ ቤት ነው። ግንቡ እንደ ምሽግ የወፈረ ነው፤ ግን በአንድ ክረምት ሦስት ሬሳ ወጥቶበታል። በተስቦ እንደሞቱ ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ቢሆንም ነገሩን ሁሉ በቤቱ አላክኳል። ወይዘሮ ጥሩሸዋ በዚያ በኩል ሲያልፉ ሳያማትቡ አያልፉም። ስለዚህ አዲሱ ቤት ተመረጠ። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ ደጁም በቀይ አፈር ተደልድሏል።

ቀዩን አፈር ጋሽ ተገኘ ከሌላ ቦታ በጋማ ከብት አስጭነው ነው ያመጡት። ከሥሩ ያለው መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ደግሞ የሚያብጥ ጥቁር አፈር። አቶ አባይነህ ገበሬ ናቸውና ይህን ቢያዩ ኖሮ ደጁንም ባልረገጡ ነበር። ያዩት ግን ቀዩን ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ መብራት ጠፍቶ የፕላዝማው ትምህርት ሲቀር፣ መሲ «ነይ ልቅለቃ አግዢኝ» ብላ ወደዚህ ቤት ወሰደቻት። የጓዳው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጣራው ተሰንጥቆ ነበር። ጨርቅና ጭድ ጠቀጠቁበት፣ በጭቃ መረጉት፣ በላዩ ላይ እበት ለቀለቁት። ብዙም ሳይቆይ ያው ስንጥቅ ሰፍቶ ተከፈተ። እንደገና ደፈኑት።

«ሊወድቅ ነው እንዴ?» ብላ ነበር ትሕትና።

«አታካብጂ ባክሽ! አዲስ ቤት ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለቻት መሲ። ትሕትናም አመነቻት። አባቷ ያኔ ቤቱን ገና አላዩትም፤ ማን እንደሚተኛበት መቼ አወቀች!

አሁን ሐምሌ ነው። ከሰዓት በኋላው ገና ሳይመሽ ጠቁሯል፤ ሰማዩ ከሩቅ ያጉረመርማል። መሲ ክንዷን ይዛ ወደ በሩ ጥግ ሳበቻት።

«እንዳትተነፍሺ» አለቻት በሹክሹክታ። «ስንጥቁን ካባቴ፣ ከኔና ካንቺ ሌላ ያየ የለም። አባቴ ማን እንዳወራ ወዲያው ነው የሚገባው።»

ትሕትና የመሲን አንገት አየች። ዓምና አባቷ በቀበቶ የገረፏት ምልክት እስካሁን አልጠፋም። ፈራች፤ ለመሲም ለራሷም ፈራች።

የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ አማኑኤል ጧፍ አብርተው ሲነሡ ሰው ሁሉ ተነሣ። ምርቃቱ ካለቀ ነገሩም አለቀ ማለት ነው። አቶ አባይነህ በአባቶች ፊት አሜን ብለው ውል ከሚያፈርሱ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ትሕትና ይህንን ጠንቅቃ ታውቃለች።

«ቤቱን የሰላም ያድርግላችሁ» አሉ አባ።

«አሜን።»

«ያገኛችሁትን ይባርክላችሁ።»

«አሜን።»

በረዶ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። አባ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጆቻችሁ በሰላም ተኝተው በሰላም የሚነሡበት ያድርግላችሁ።»

ትንሹ ዳኜ ጀርባውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥቶ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «አሜን» አለ።

ትሕትና አፏ አልታዘዝ አላት። አባ ለሚቀጥለው ምርቃት እጃቸውን ሲያነሡ፣ ሄዳ ወንድሟን በክንዱ ይዛ ከግድግዳው አራቀችው።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ምርቃቱን ያቆዩልን» አለች። «አባዬ፣ ይህን ግድግዳ የለቀለቅኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ተገኘ ወደ እሷ አላዩም። ዓይናቸው በቀጥታ በሩ ላይ ወደቆመችው ልጃቸው ሄደ።

«ማንም አላገዘኝም» አለች ትሕትና ቶሎ ብላ። «ስንጥቁን ያየሁትም የደፈንኩትም ብቻዬን ነኝ።»

ከዚያ ተንበርክካ ልቅልቁን በጥፍሯ ቧጠጠችው። ክረምቱ አርሶት ኖሮ እየተላጠ ወረደ። የጨርቁን ጫፍ አግኝታ ስትስበው ጭዱና ጭቃው ተከትሎት ተዘረገፈ፤ ከውጭ የገባው ነፋስ የአባን ጧፍ ድርግም አደረገው።

አቶ አባይነህ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ዝቅ አሉና እጃቸውን ስንጥቁ ውስጥ አስገቡ። እስከ ክርናቸው ገባ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ዳኜን ጉያቸው ውስጥ ወሸቁት። ጋሽ ተገኘ ግን አሁንም ዓይናቸውን ከመሲ ላይ አልነቀሉም።

ትሕትና ተነሣች። ጭቃ የነካ እጇን ሳትጠርግ በሰዉ መሀል አልፋ ሄደችና ከመሲ ጎን ቆመች።