ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሶኬት

በወንድሜ የሙዚቃ ስቱዲዮ ውስጥ ንብ ነበረብን። የምር ንብ አይደለም። ልንቀዳ ስንል ስፒከሩ ውስጥ ገብቶ «እምምምም» የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ ነው፤ «ንቡ» ያልነው እኛ ነን። ዘፋኝ የፈለገውን ያህል ቢያሳምረው ከሥር ከሥሩ እምምም እያለ ቅጂውን ያበላሸዋል።

ከምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት አይደለም የነገረኝ፣ መብራት ራሱ እየነዘረ ነው ያስተማረኝ። ሁለት ዕቃዎች በኬብል ተያይዘው፣ አንዱ ከዚህ ግድግዳ ሌላው ከዚያ ግድግዳ መብራት ከወሰዱ፣ በመሬት ሽቦው በኩል ዞረው ይገናኙና ማጉረምረም ይጀምራሉ። ስለዚህ ያለንን ዕቃ በሙሉ በገዛ እጄ አንድ ሶኬት ላይ ነው የሰካሁት። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ንቡ የመጣው ሹክሹክ ከመጣች በኋላ ነው።

ሹክሹክ ወንድሜ ዜማ ሊሰጣት የተቀበላት ዘፋኝ ናት። ድምጿን ለዘፈን ስለምትቆጥብ ስታወራ በሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እንደዚህ የምታወራ ሴት ካጋጠመችህ ጆሮህን ማስጠጋት ግድህ ነው። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ቀሪው እኔነቴ ተከተለ።

«ሽቦ የሚሉህ ስለቀጠንክ ነው ስለሥራህ?» አለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን።

«ስለምነዝር ነው። ነክተሽ ማየት ትችያለሽ።»

«ጓንት አልያዝኩም» አለችና አይኗን ከእኔ ወደ ኬብሉ፣ ከኬብሉ ወደ እኔ አመላለሰች። እኔን ነው የነዘረኝ።

ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰባቸው ዜማዎች አሉት። ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ካሉት ንብረቶች ሁሉ የሚሳሳው ለእነሱ ነው። ከሰዓት ከሰዓት እሷን ከድምፅ ማቀላቀያው ከሚክሰሩ ጀርባ፣ መጋረጃው ጋ አስቀምጦ አንድ በአንድ ያሰማታል። «ለድምፅሽ የሚሄደውን ምረጪ» ይላታል። ከዚያ ልንቀዳ ስንል ንቡ ይነሳል።

«አንተ ሽቦ! ምን ነክተህብኝ ነው?»

«ኧረ ምንም አልነካሁም ጋሼ!»

«እሱ ነዋ ችግሩ! አንድ ነገር ንካ እንጂ!»

ከጣሪያ እስከ ቆጣሪ እፈትሻለሁ። በመጨረሻ ሚክሰሩ ጀርባ ልገባ ስል ሹክሹክ ቀድማኝ ጎንበስ ትላለች።

«ቆይ፣ ቦርሳዬን ላንሳልህ።»

ቦርሳዋን ታነሳለች፣ እኔ እገባለሁ፣ አንዱን ብሎን ጠበቅ አደርጋለሁ፣ ንቡ የለም።

«እጅህ ወርቅ ነው እኮ» ትለኛለች ጆሮዬ ሥር።

ብሎኑ ምንም እንዳልነበረበት አውቃለሁ። ግን እንዲህ ተብሎ «አይ፣ እኔ አይደለሁም» የሚል ጅል ማን ነው? ተቀበልኩ። እንዲያውም ንቡን ወደድኩት። እሱ ሲነሳ ሥራ ይቆማል፣ ሥራ ሲቆም እኔና እሷ ኮሪደር ላይ የኬብል ጥቅል ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። አንድ ቀን እዚያው ቁጭ እንዳልን እጄን ያዘችና «ዘፈኔ ይውጣ ብቻ፣ አብረን ቤት እንከራያለን» አለችኝ። የዚያን ቀን ወደ ቤት በእግሬ የሄድኩ አይመስለኝም።

ወንድሜ ግን መረረው።

«ዛሬ ካልተቀዳ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፣ አንተም እማዬ ጋ ትመለሳለህ!» አለኝ። ወደ ሹክሹክ ዞረና «ንቡ ኖረም አልኖረም፣ ግቢ!» ብሎ ሳታስበው ክንዷን ይዞ ዘፋኞች ወደሚዘፍኑበት የመስታወት ክፍል አስገባት። ወዲያው ስልኩ ጠራ፣ እያወራ ወደ ውጭ ወጣ።

እሷ ከመስታወቱ ወዲያ ሄድፎን አድርጋ ማይኩ ፊት ቆማለች። ቦርሳዋ ወንበሩ ሥር ቀርቷል። ንቡ ይጮሃል።

ከውስጥ ካለው ሰው ጋር የምናወራበትን ቁልፍ ተጫንኩ። «ቦርሳሽን ላንሳው?»

«አይ! ተወው!»

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ጮክ ብላ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ተንበረከክኩ። ከቦርሳዋ ቀጭን ኬብል ወጥቶ ሚክሰሩ ጀርባ ገብቷል። ሌላ ሽቦ በመጋረጃው ሥር ሄዶ ወዲያኛው ግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ቦርሳው ውስጥ ባትሪው የሞተ ትንሽ መቅጃ። ከፍቼ አዳመጥኩት፤ የወንድሜ ዜማዎች፣ አንድም ሳይቀር። ነቀልኩት። ንቡ ጭጭ አለ።

ቀና ስል በመስታወቱ እያየችኝ ነው።

ሄድፎን አጥልቄ ቁልፉን ተጫንኩ። «ለማን ነው?» አልኳት።

«መንገዱ ማዶ ላለው ስቱዲዮ።» ወደ ሹክሹክታዋ ተመልሳለች። በሄድፎኑ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ተደግፋ የምታወራ ነው የሚመስለው። «እነሱ ቶሎ ያወጡልኛል። ወንድምህ ነገ ዛሬ እያለ ሊያስረጀኝ ነው። ላንተም ሥራ ጠይቄልሃለሁ፣ እውነቴን ነው። አብረን እንሂድ ሽቦዬ።»

«ኮሪደር ላይ እጄን ስትይዢኝ…»

«እ?»

«ይሄ ነገር እዚህ እየቀዳ ነበር?»

ከንፈሯ ተከፈተ። እሱ ይመልስልኝ የምትል ይመስል ማይኩን አየችው። ከዚያ ወለሉን። ንቡ ስለሌለ ዝምታዋ ጥርት ብሎ ነው የተሰማኝ፣ ትንፋሿ ሳይቀር።

ወንድሜ በሩን በርግዶ ገባ።

«ጠፋ? ጠፋ አይደል? አንተ የእናቴ ልጅ!» ግንባሬን ሳመኝ። መቅጃውን ኪሴ ከተትኩት። «ምን ትጠብቃለህ? ቅዳ!»

ቀዳሁ።

እንደዚያ ዘፍና አታውቅም። ዘፈኑ የመገናኘት ዘፈን ነው፤ አይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ዘፈነችው። እኔ የማየው የድምፁን ልክ የሚያሳየውን መብራት ነው። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ቀይ ሊመታ ሲል ዝቅ አደርጋለሁ። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። አንድ ጊዜ ቀና አልኩና ተፀፀትኩ፤ እያለቀሰች ነበር፣ ድምጿ ግን ንቅንቅ አላለም።

ስትወጣ ቦርሳዋን አንስታ አጠገቤ ቆመች። ቀልሎ ተሰምቷት መሆን አለበት፣ አልከፈተችውም።

«አትመጣም?»

ኬብል መጠቅለል ጀመርኩ። ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ጫማዋ በኮሪደሩ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ።

ወንድሜ አይኑን በእጅጌው እየጠረገ «ስማ፣ ይህቺን ልጅ እንዳትለቃት» አለኝ።

መቅጃውን ከኪሴ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «ጋሼ፣ ሲጮህብን የከረመው ይሄ ነው። ዜማዎችህ ሁሉም ውስጡ አሉ።»

መቅጃውን አየ። ባዶውን ወንበር አየ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ፣ እሱ ግን እኔን ማየት ጀመረ፤ ልጅ ሆኜ ስወድቅ የሚያየኝን አስተያየት።

«የዛሬውን ላጥፋው?» አልኩት።

«አንተ ምን ትላለህ?»

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ብዙ ቆየ።

«ይቀመጥ» አልኩ። «ግን እኔ ባለሁበት እንዳታጫውተው።»